አልፈታ ያለ ቡሎን፣ የፈላ ራዲያተር እና ጣፋጩ መርዝ፦ መኪና ሲጠገን ሰው እንዳይጎዳ



የዛሬው ርዕስ "ይሄ ደግሞ የሐኪም ሥራ ነው እንዴ?" ሊያሰኛችሁ ይችላል። ስለ መኪና ሞተር ጥገና ነውና። ሞተር እንዴት እንደሚፈታ ላስተምር አይደለም፤ እሱን መካኒኮቻችን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኛ ሐኪሞች የምናውቀው ከጋራዥ ተነስቶ ድንገተኛ ክፍል የሚደርሰውን ሰው ነው። ፊቱና ደረቱ በራዲያተር ውሃ የተቃጠለ ሹፌር፣ "ትንሽ ብናኝ ነገር ገባብኝ" ብሎ ዓይኑን ይዞ በሦስተኛው ቀን የሚመጣ መካኒክ፣ በሃይላንድ ላስቲክ የተቀመጠ ኩላንት የጠጣ ሕፃን።

ሦስቱም በአብዛኛው መከላከል የሚቻሉ ጉዳቶች ናቸው። ከደረሱም በኋላ ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎችና ሰዓታት የምታደርጉት ነገር ውጤቱን ይለውጠዋል።

ይህ ጽሑፍ ለጋራዥ ባለሙያዎች፣ ሙያውን እየተማሩ ላሉ ልጆች፣ ለታክሲና ለከባድ መኪና ሹፌሮች፣ እንዲሁም መኪናውን ግቢው ውስጥ ራሱ ለሚነካካ ሁሉ ነው። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ወላጆችም እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ለምን እንደሆነ ሁለተኛው ክፍል ላይ ታገኙታላችሁ።

1. የራዲያተር ክዳን ሲከፈት ለምን ይፈነዳል?

ትምህርት ቤት "ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል" ተብለን ተምረናል። ይሄ ትክክል የሚሆነው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ በዚህም ምክንያት ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

የመኪና ሞተር ደግሞ በደህናው ጊዜ እንኳን ከ90 እስከ 105 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራል። ታዲያ ውስጡ ያለው ውሃ ለምን ሁልጊዜ አይፈላም? ምስጢሩ ክዳኑ ነው። የራዲያተር ክዳን ውስጥ ሞላ አለ፤ በብዙ መኪኖች ላይ ይህ ሞላ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ተጨማሪ ግፊት አፍኖ ይይዛል። ግፊት ሲጨምር መፍያው ሙቀትም ይጨምራል። ኩላንቱም ራሱ መፍያውን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ 110 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ሳይፈላ፣ ፈሳሽ እንደሆነ ታፍኖ ይቀመጣል።

አሁን ክዳኑን ከፈታችሁት እንበል። ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። 110 ዲግሪ የነበረው ውሃ ድንገት መፍያው 92 የሆነበት ቦታ ላይ ራሱን ያገኘዋል። የውሃው ከፊል በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይቀየራል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር ደግሞ ከ1,500 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ያ እንፋሎት የቀረውን የጋለ ውሃ ይዞ ሽቅብ ይወረወራል። ያ ሰው ደግሞ የት ነው ያለው? ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ልክ ከክዳኑ በላይ።

ለዚህ ነው የራዲያተር ቃጠሎ በብዛት ፊትን፣ አንገትን፣ ደረትንና የቀኝ እጅን የሚያገኘው። ፈሳሹ ልብስ ውስጥ ሰርጎ ቆዳ ላይ ስለሚቆይም ቃጠሎው ከሻይ ወይም ከቡና ውሃ ይልቅ ጥልቀት ሊኖረው ይችላል።

የአባይን በረሃ ሽቅብ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን የወጣ ሹፌር ይህን ነገር ያውቀዋል። ከባድ ጭነት፣ ረጅም ዳገት፣ የበረሃ ሙቀት። መኪናው ይግላል፣ ዳር ይያዛል፣ ከኋላ መኪና ይንጫጫል፣ ሰው ይቸኩላል። አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ከዚያ ችኮላ ነው።

*ሞተር ሲግል ምን እናድርግ?*

- መኪናውን ደህና ቦታ አቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ከኮፈኑ ዳር ዳር እንፋሎት የሚወጣ ከሆነ እንፋሎቱ ሳይቆም ኮፈኑን አትክፈቱ።
- ቢያንስ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ትልቅ የናፍታ ሞተር ከዚህም በላይ ሊፈልግ ይችላል።
- ከላይ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በጨርቅ ይዛችሁ ጫን በሉት። ድርቅ ብሎ የተወጠረ ከሆነ ውስጡ ግፊት አለ፤ ክዳኑን አትንኩት። ጠብቁ።
- ሲቀዘቅዝ በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ፣ ቀስ አድርጋችሁ የመጀመሪያው ማቆሚያ ድረስ ብቻ አዙሩት። "ሽሽሽ" የሚለው ድምፅ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ቁሙ። ከዚያ ነው ጫን አድርጎ መክፈት።
- በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ። ሰውንም ያቃጥላል፣ ቴስታታውንም ሊሰነጥቀው ይችላል።
- ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራው የራዲያተር ማራገቢያ ድንገት ሊነሳ ይችላል። እጅ፣ የነጠላ ጫፍ፣ ከረባት፣ የኮት እጅጌ ከዚያ ይራቅ።

አንዳንዴ ክዳኑ ራሱ ዝጎ አልዞር ይላል። ክዳኑ አልዞር ሲል ሰው ንዴት ይይዘውና በፒንሳ ወይም በመዶሻ ይገጥመዋል። ልብ በሉ! አልዞር ያለ ክዳን ስር ግፊት ሊኖር ይችላል፤ በኃይል ሲላቀቅ ደግሞ በመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ አይቆምም፣ በአንዴ ነው የሚከፈተው። ሞተሩ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ እስኪሆን ድረስ ለዚህ ሥራ አትቸኩሉ።

*ከተቃጠለስ?*

1) ሰውየውን ከመኪናው አርቁት። በፈሳሹ የራሰውን ልብስ ወዲያው አውልቁለት። ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ግን አትላጡት፣ ዙሪያውን ቁረጡት። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር ቶሎ ይውለቅ፤ እብጠት ሲመጣ አይወጣም።

2) የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙ። ሰዓት እያያችሁ። ሁለት ደቂቃ አፍስሶ መተው በቂ አይደለም። መንገድ ላይ ሆናችሁ ወዲያው ውሃ ባታገኙ እንኳን አደጋው ከደረሰ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል። ለከባድ መኪና ሹፌሮች ጄሪካን ውሃ መያዝ ለራዲያተሩ ብቻ ሳይሆን ለሰውም ነው። በረዶ ግን አይደረግም።

3) ዓይን ውስጥ ከገባ የዐይን ሽፋኑን ከፍታችሁ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ እጠቡ።

4) ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹህ ጨርቅ ወይም ባልተጠቀማችሁበት ንጹህ ስስ ላስቲክ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ላስቲክ ቁስሉ ላይ አይጣበቅም፣ አየር ሲነካው የሚመጣውን ሕመምም ይቀንሳል።

የማይደረገው ምንድን ነው? የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ ግራሶ፣ የሞተር ዘይት! እነዚህ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍኑታል፣ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታሉ፣ ሐኪሙም የቃጠሎውን ጥልቀት እንዳያይ ይሸፍኑበታል። የቋጠረውን ውሃም አታፍርጡ።

ፊት፣ ዓይን፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ የደረሰ ቃጠሎ፣ ከተጎጂው መዳፍ የሚሰፋ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ፣ ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ የማያም ቃጠሎ ሁሉ ጤና ተቋም መታየት አለበት። የሰው መዳፍ ከነጣቶቹ የራሱን ሰውነት 1 በመቶ ገደማ ይሸፍናል፤ በዚህ መለካት ትችላላችሁ። እንፋሎት ስቦ ድምፁ የጎረነነ ወይም ለመተንፈስ የተቸገረ ሰው ግን ለደቂቃ አይቆይ። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል እና አቤት ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና የሚሰጡ ተቋማት ናቸው። ቅርብ ያለው ጤና ተቋም ግን መጀመሪያ ሊያያችሁ ይችላል፣ ርቀት ፍለጋ ጊዜ አታባክኑ።

2. ጣፋጩ መርዝ፦ ኩላንት

አሁን ወላጆች እንድታነቡት ወደፈለግኩት ክፍል መጥተናል።

ኩላንት ቀለሙ ያምራል። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ የሚጨመርበት የፈሰሰበት ቦታ በቀላሉ እንዲታይ ነው። አብዛኞቹ ኩላንቶች ውስጥ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር ኢትሊን ግላይኮል ይባላል። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ነው። እስቲ አስቡት፦ ለስላሳ የመሰለ፣ የሚጣፍጥ፣ ሽታ የሌለው ፈሳሽ፤ እሱም በሃይላንድ ላስቲክ ተቀድቶ የበረንዳ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

እኛ አገር ይህ በጣም የተለመደ ነው። ከጋራዥ ወይም ከመለዋወጫ ሱቅ ግማሽ ሊትር ተቀንሶ በሃይላንድ ይሸጣል፤ የተረፈው ቤት ይመጣል። ወይም ራዲያተር ሲፈታ የወጣው ኩላንት "ይጠቅማል" ተብሎ በተገኘው ዕቃ ይጠራቀማል። ልጁ ደግሞ ሃይላንድን የሚያውቀው የሚጠጣ ነገር መያዣ እንደሆነ ነው። የጠማው የጋራዥ ሠራተኛም ቢሆን አመሻሽ ላይ ጠርሙስ ሊያሳስት ይችላል።

*ምን ያህሉ ይገድላል?*

በግምት 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹህ ኢትሊን ግላይኮል አንድ አዋቂ ሰው ሊገድል ይችላል። ለ12 ኪሎ ሕፃን ደግሞ ስሌቱ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ያነሰውም ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል "ትንሽ ነው የቀመሰው" ብሎ ቤት መጠበቅ አይቻልም።

*ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?*

ነገርየው ምን መሰላችሁ? ኢትሊን ግላይኮል ራሱ እንደ አልኮል ያሰክራል እንጂ ዋናው ገዳይ እሱ አይደለም። ጉበታችን አልኮልን በሚፈጭበት ኢንዛይም እሱንም ይፈጨዋል፤ ሲፈጨው የሚወጡት አሲዶች ናቸው መርዞቹ። የመጨረሻው ኦክሳሊክ አሲድ ከደማችን ካልሲየም ጋር ተጣብቆ ጥቃቅን ጠጠር ይሆንና ኩላሊት ውስጥ ይሰካካል። ጉዳቱ በአብዛኛው በሦስት ደረጃ ይታያል፦

- ከ30 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት፦ የሰከረ ሰው ይመስላል። ይንገዳገዳል፣ አፉ ይተሳሰራል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ግን የመጠጥ ሽታ የለውም።
- ከ12 እስከ 24 ሰዓት፦ አሲዱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ራሱን ሊስት፣ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል።
- ከ24 እስከ 72 ሰዓት፦ ሽንቱ ይቀንሳል ወይም ይቆማል፣ ወገቡን ያመዋል። ኩላሊት እየከሸፈ ነው።

በደረጃዎቹ መሃል ሰውየው ደህና የሆነ ሊመስል ይችላል። ቤተሰብን የሚያታልለው ይሄ ነው። "ተፋው፣ አሁን ተኝቷል፣ ይሻለዋል" ይባላል። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ግን ጉበት መርዙን ፈጭቶ ሳይጨርስ በፊት ነው። ስለዚህ ደህና በሚመስልበት ሰዓት ነው ሆስፒታል መድረስ ያለበት።

*ልጅ ወይም ሌላ ሰው ኩላንት ከጠጣ፦*

- አፉን በውሃ ይጉመጥመጥና ይትፋ።
- ጣት ከትታችሁ አታስመልሱት። እንቅልፍ እየወሰደው ስለሚሄድ ትውከቱ ሳንባው ሊገባ ይችላል።
- ወተት መርዙን አያረክሰውም። ከሰልም ይህን መርዝ አይዘውም። ይህን ሁሉ ስትሞክሩ የሚያልፈው ጊዜ ነው ጉዳቱ።
- ጠርሙሱን ወይም ጋሎኑን ከነጽሑፉ ይዛችሁ ኑ። ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ያህል እንደጠጣ ገምቱና ንገሩን። "ኩላንት ጠጥቷል" የምትለው ቃል ከብዙ ምርመራ በላይ ጊዜ ትቆጥባለች።
- ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ጥሩ።

ሆስፒታል ውስጥ ጉበት መርዙን እንዳይፈጭ የሚያግድ መድኃኒት፣ የአሲዱ ማስተካከያ፣ ሲያስፈልግም በዲያሊሲስ ደምን ማጠብ አለ። በጊዜ ከደረሰ ሰው ይድናል፣ ኩላሊቱም ይተርፋል።

*ሌሎችስ ፈሳሾች?*

የፍሬን ዘይትም መርዝ ነው፤ መጠጥ ዕቃ ውስጥ አይቀመጥ። የባትሪ ውሃ አሲድ ስለሆነ ጉሮሮን ያቃጥላል። ቤንዚንና ናፍታን ደግሞ ከሰልባትዮ በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ ማውጣት እንደ ሙያ ችሎታ ይቆጠራል። እባካችሁ ይቅር! ወደ ሳንባ የምትገባ ጥቂት ጠብታ ብቻ ከባድ የሳንባ መቆጣት ታመጣለች። ቤንዚን ከሳበ በኋላ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ትኩሳት የመጣበት ሰው ቶሎ ይታይ፤ እሱንም አታስመልሱት። በእጅ የሚጨመቅ መሳቢያ ፓምፕ ከአንድ ቀን የሆስፒታል ወጪ ይረክሳል። ራዲያተር ውስጥ የቀረውን ኩላንትም በአፍ አትሳቡ፣ "ውሃ ነው ወይስ ኩላንት?" ብላችሁም አትቅመሱ።

ቆዳ ላይ የፈሰሰ ኩላንት በሳሙናና በውሃ ሲታጠብ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አያመጣም። መሬት ላይ የፈሰሰውን ግን በአሸዋ ወይም በመጋዝ ብናኝ አፍሳችሁ አንሱት። ውሻና ድመትም ጣፍጧቸው ይልሱታል፣ ይሞታሉ።

3. አልፈታ ያለ ቡሎን

ሞተር የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አስራ አንዱ ቡሎን ወጥቶ አስራ ሁለተኛው ይቀራል። ዝጓል፣ ወይም ከብረቱ ጋር ተዋህዷል። መጀመሪያ በመፍቻ፣ ከዚያ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ ከዚያ በመዶሻና በመሮ፣ በመጨረሻ በእሳት። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ የሆነ ጉዳት አለው።

*ሀ) መፍቻ ሲያመልጥ*

ሙሉ ክብደታችሁን ጥላችሁ ስትገፉ ቡሎኑ ድንገት ከተፈታ ወይም መፍቻው ካመለጠ፣ ጣታችሁ ያለ ፍሬን ሄዶ ብረት ላይ ያርፋል። የተለመደው ምክር ይሠራል፦ ከመግፋት መሳብ ይሻላል። መግፋት ግዴታ ከሆነ ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ በመዳፍ ግፉ። ልኩ ያልሆነ መፍቻ አትጠቀሙ፤ አፉ የላላ የ17 መፍቻ ብዙ ጣት ቆርጧል። ለዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጊዜ ስጡት፤ ማታ አርከፍክፎ ማደር ጠዋት የሚወጣውን ጉልበት ይቀንሳል።

ከተቆረጣችሁ በንጹህ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ደሙን አቁሙ፣ ከዚያ በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡ። ቤንዚን ወይም ናፍታ ቁስል ላይ አይፈስም! ጣቱ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ካለ፣ ጫፉ ከደነዘዘ ጅማት ወይም ነርቭ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን ታዩ። የተቆረጠ ጅማት ከሳምንታት በኋላ ለመስፋት ይከብዳል።

ስለ ቴታነስም አንድ ነገር። ብዙ ሰው "የዛገ ብረት ነው የሚያመጣው" ይላል። ዝገቱ ራሱ አያመጣም፤ አፈርና እበት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው። የጋራዥ ወለል ግን አፈር፣ ዘይትና ዝገት የተደባለቀበት ስለሆነ ባክቴሪያው የሚመቸው ቦታ ነው። በአብዛኛው ጉዳት ከደረሰ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ መንጋጋን በማሰር ይጀምራል። እናቶቻችንና እህቶቻችን በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፤ አዋቂ ወንዶች ግን በልጅነት ከተከተቡ በኋላ ብዙዎቹ ዳግም መርፌውን አያዩትም። ቁስሉ የቆሸሸ ከሆነና የመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈው፣ ወይም ተከተቡ አልተከተቡ የማታውቁ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ንገሩ።

*ለ) መዶሻና መሮ፦ ዓይን*

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ።

ብረት በብረት ሲመታ ጥቃቅን ስባሪ እንደ ጥይት ይወረወራል። በጣም ትንሽና ፈጣን ስለሆነ የዓይንን ግድግዳ በስቶ ሲገባ ብዙ ላያም ይችላል። ሰውየው "ጭር አለኝ" ይላል፣ ያብሳል፣ ሥራውን ይቀጥላል። ውጪ ምንም ላይታይ ይችላል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ይቀላል፣ ያያል አያይም፣ ሕመሙ ይጨምራል፤ ያኔ ውስጡ ኢንፌክሽን ይዞት ይሆናል። ብረቱ ሳይታወቅ ከቀረ ደግሞ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ውስጥ ውስጡን ዝጎ የዓይንን ብርሃን ሊወስድ ይችላል። ቡሎኑ ላይ ያያችሁት ዝገት ዓይን ውስጥ እንደሚሠራ አስቡት።

ብረት እየመታችሁ አንዳች ነገር ዓይናችሁን ካገኘው፦

- አትሹት፣ አትጫኑት።
- ጓደኛ በክብሪት እንጨት፣ በመሐረብ ጫፍ ወይም በምላስ አያውጣላችሁ።
- የተሰካ ነገር ከታየ አትንቀሉት።
- ዓይኑን ሳይነካ እንዲከልል የወረቀት ኩባያ ቂጥ ቆርጣችሁ በፕላስተር ያዙት። ቅባት አትጨምሩበት።
- በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አዲስ አበባ ላሉ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል በዚህ ይታወቃል።
- ለሐኪሙ "ዓይኔን አመመኝ" ብቻ አትበሉ። "ብረት በመዶሻ እየመታሁ ነበር" በሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ናት ሐኪሙ ውስጥ ድረስ እንዲፈልግና ራጅ ወይም ሲቲ ስካን እንዲያዝ የምታደርገው። ኤምአርአይ ግን ዓይን ውስጥ ብረት አለመኖሩ ሳይረጋገጥ አይነሳም፤ ማሽኑ ማግኔት ስለሆነ ብረቱን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

አስተውሉ፣ ፈሳሽ ከሆነ (ኩላንት፣ የባትሪ አሲድ፣ ቤንዚን) ሳትዘገዩ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። በኃይል የተወረወረ ብረት ከሆነ ግን ሳይጫኑ ከልሎ መሄድ ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

መከላከያው ጎንና ጎኑ የተሸፈነ የሥራ መነጽር ነው። የፀሐይ መነጽር አይተካውም፤ ሊሰበርና ራሱ ስባሪ ሊሆን ይችላል። መነጽሩ የሚመታው ሰው ብቻ ሳይሆን ባትሪ የሚያበራለት ልጅም ያስፈልገዋል። እንዲያውም ያ ልጅ ፊቱን ይበልጥ የሚያስጠጋው እሱ ነው።

*ሐ) እሳት*

ቡሎንን በጋዝ እሳት ማሞቅ የታወቀ ዘዴ ነው። ችግሩ ከጥቂት ደቂቃ በፊት የረጫችሁት ማላቀቂያ ዘይት ይነዳል። አጠገቡ የቤንዚን ቱቦ አለ። የተደፈነ ዕቃ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ሲሞቅ ይፈነዳል። አንዳንድ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬዮች ደግሞ ክሎሪን ያለበት ኬሚካል አላቸው፤ ይህ ሳይደርቅ እሳት ወይም ብየዳ ሲነካው ፎስጂን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። የፎስጂን መጥፎነቱ፣ የሳበው ሰው መጀመሪያ ደህና ሆኖ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውሃ ሊሞላ መቻሉ ነው። ስለዚህ እሳት ከማብራታችሁ በፊት አካባቢውን አጥባችሁ አድርቁ፣ በር ክፈቱ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን።

*መ) ትንሽ ቀዳዳ፣ ትልቅ አደጋ*

የደረቀ መገጣጠሚያን በግራሶ መርጫ ስትሞሉ፣ ወይም የናፍታ ኖዝል ስትሞክሩ ፈሳሹ በከፍተኛ ግፊት ነው የሚወጣው። ጣት ላይ ካገኘ ቆዳን በስቶ ውስጥ ይገባል። የሚታየው መርፌ የወጋው የመሰለ ነጥብ ብቻ ነው፣ መጀመሪያም ብዙ አያምም። ከሰዓታት በኋላ ግን ጣቱ ያብጣል፣ ይጠቁራል። ይህ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት ነው፤ የዘገየ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። "መርፌ ቀዳዳ ናት" ብላችሁ አትናቁት።

4. በውስጥ መስመር የሚመጡ ጥያቄዎች

*"ዶክተር፣ ኩላንት ለጠጣ ሰው አረቄ ይጠጣ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?"*

ግማሽ እውነት ነው። አልኮል ያንኑ የጉበት ኢንዛይም ስለሚሻማ ሐኪሞች ሌላው መድኃኒት ሳይኖር በልክ ተመጥኖ፣ ደም እየተመረመረ ይሰጣሉ። ቤት ውስጥ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅ ከሆነ የደም ስኳሩን በአደገኛ ሁኔታ ያወርደዋል፤ አዋቂም ቢሆን ራሱን ስቶ ትውከቱ ሊያንቀው ይችላል። አረቄ ፍለጋ የምትሄዱበትን ጊዜ ለታክሲ ተጠቀሙበት።

*"ያነሰ መርዝ ያለው ኩላንት አለ?"*

አለ። በፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠሩ ኩላንቶች መርዝነታቸው በጣም ያነሰ ነው። ጋሎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ ለመኪናችሁ የሚስማማ መሆኑን መካኒካችሁን ጠይቁ። ቢሆንም አሮጌ ኩላንት ከሞተሩ ብረታ ብረት ይዞ ስለሚወጣ እሱም ከልጅ ይራቅ።

*"በክሪክ ብቻ ተነስቶ ስር መግባት ይቻላል?"*

አይቻልም። በተለይ አልፈታ ያለ ቡሎን ለመፍታት ከስር ሆኖ በኃይል መሳብ መኪናውን ያነቃንቀዋል፣ ክሪኩ ይንሸራተታል። ጠንካራ መቆሚያ ከስሩ ሳይገባ፣ ጎማው ሳይታገድ ማንም አይግባ። ድንጋይና ብሎኬት መቆሚያ አይደሉም፤ ብሎኬት ድንገት ነው የሚሰነጠቀው።

5. ለጋራዥ ባለቤቶች

ሠራተኛችሁና ልጆቻችሁ የሚያዩት እናንተን ነው። አለቃው መነጽር ካላደረገ ልጁ አያደርግም። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮችን ዛሬውኑ አሟሉ፦

- ሁለት ሦስት የሥራ መነጽርና ወፍራም ጓንት
- ሁልጊዜ ውሃ ያለው ቧንቧ ወይም ንጹህ ውሃ የሞላ ጄሪካን፣ ሳሙና
- ንጹህ ፋሻና ጨርቅ፣ ስስ ላስቲክ
- በእጅ የሚሠራ የነዳጅ መሳቢያ
- እሳት ማጥፊያ እና የአሸዋ ባልዲ
- ግድግዳ ላይ በትልቁ የተጻፈ ስልክ፦ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ፤ ለአዲስ አበባ 939 እሳትና ድንገተኛ አደጋ

ኩላንትን በተመለከተ ደግሞ ሦስት ሕጎች፦ በራሱ ጋሎን ይቀመጥ፣ ክዳኑ ይጥበቅ፣ ከልጅ እጅ ርቆ ይቆለፍበት። በሃይላንድ ቀንሳችሁ አትሽጡ፣ አትግዙ። ቤታችሁ ያለ ካለ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እንደጨረሳችሁ ተነሱና ቦታውን ቀይሩት።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ ጉዳት ከደረሰ በአካል ከሚያያችሁ ሐኪም ምርመራ አይተካም። መካኒክ ወንድም፣ ሹፌር አባት፣ ጋራዥ የሚውል ልጅ ያላችሁ ሁሉ አድርሱላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከስር ጻፉልን።

ሞተሩ ይጠብቃል፣ ቡሎኑም ነገ ይወጣል። ዓይንና ኩላሊት ግን መለዋወጫ ሱቅ አይገኙም።

መልካም ጤና!